ዝም ብሎ የሚያስተምር እጅ



በጃፓን አገር፣ በኪዩሹ ደሴት፣ ኦንታ የምትባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ከ1705 ጀምሮ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል። ልጁ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ይመለከታል፤ ያየውን ይሞክራል፤ ሲበላሽበት አፈሩን እንደገና ያቦካል። ቃል አይበዛም፤ በመንደሪቱ ጎልቶ የሚሰማው በወንዝ ውኃ ኃይል አፈሩን የሚወቅጠው ግንድ ነው።

ነቢዩ ኤርምያስም ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ሲወርድ አስቀድሞ ሥራውን አየ፤ ትርጉሙ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው (ኤር. 18፥1-6)።

እኛም መምህራን ባንባል ታናናሾቻችን ያዩናል፤ ስንጸልይ አቋቋማችንን፣ ለድሀ ስንሰጥ ፊታችንን፣ ስንጣላ እርቃችንን ይመለከታሉ። እንግዲህ አንድም ቃል ሳንናገር ምን እያስተማርናቸው ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።