«አይሆንም» የሚል ሰው መቅጠር

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይላል የአበው ብሂል። አባባሉ በገበያ ውስጥ እውነትነት አይታጣበትም። ይሁን እንጂ ገንዘብ የማይደርስበት ነገር መኖሩን ከሚያሳዩ ጉዳዮች አንዱ፣ ሲያዩት ቀላል የሚመስለው፣ የግል የስፖርት አሠልጣኝ ቅጥር ነው። ማንም ሰው ሌላው እንዲሮጥለት ከፍሎ የገዛ ልቡን ሊያጠነክር አይችልም። ታዲያ አሠልጣኝ የሚቀጥር ሰው የሚገዛው ምንድን ነው?

ከጁባ በስተ ደቡብ፣ በናይል ዳር በምትገኘው ረጃፍ የፖሊስ ማሠልጠኛ አለ። እንዲህ ባለው ስፍራ ምልምሉ አሠልጣኙን አይመርጥም፤ ደመወዙንም አይከፍልም። «ተነሥ» ሲባል ይነሣል፤ «ሩጥ» ሲባል ይሮጣል። ከሥራ በኋላ ጤናውን ለመጠበቅ አሠልጣኝ የሚፈልገው የጁባ ነጋዴ ወይም የሆቴል ሠራተኛ ሁኔታ ግን ሌላ ነው። አሠልጣኙ ያዘዋል፤ እርሱ ደግሞ አሠልጣኙን ሊያሰናብት ይችላል። አንዱ ሰው በአንድ ጊዜ ጌታም ደቀ መዝሙርም ይሆናል። የሞራሉ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ እንጀራው በሠልጣኙ ደስታ ላይ የተንጠለጠለ አሠልጣኝ እውነቱን እንዴት ሊናገር ይችላል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ «ጎርጊያስ» በተሰኘው ድርሳኑ የሰውነት ማጎልመሻን ከሕክምና ጋር አጣምሮ፣ ሰውነትን በእውነት ከሚንከባከቡ ጥበቦች ይመድበዋል። ጣፋጭ ምግብ ማዘጋጀትንና መኳኳልን ግን የእነዚህ ጥበቦች አስመሳይ ያደርጋቸዋል፤ የሚሹት የሰውየውን ደስታ እንጂ ደኅንነቱን አይደለምና። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ደንበኛዬ ይቀየመኛል ብሎ ስንፍናን የሚያወድስ ሰው ስሙ አሠልጣኝ ይሁን እንጂ ግብሩ የሸንጋይ ነው።

የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ ሌላውን ገጽ ያሳያል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቶኪዮ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ። ከዚያ በኋላ እነ ደራርቱ ቱሉንና ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ያሠለጠኑት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬም በጥብቅነታቸው የታወቁ ነበሩ። አትሌቶቹ የአሠልጣኞቻቸው ቀጣሪዎች አልነበሩም፤ ተግሣጹም ከአትሌቱ ኪስ በሚወጣ ገንዘብ የሚለካ አልነበረም።

ይህ ማለት ግን ክፍያ ሥልጠናን ያረክሳል ማለት አይደለም። በዚያው ድርሳን ሶቅራጥስ፣ ሩጫ የሚያስተምር ሰው ዋጋውን አስቀድሞ መዋዋሉ ተገቢ መሆኑን ያስረዳል፤ ፈጣን የሆነ ሁሉ ውለታ አይበላም ተብሎ አይታመንምና። ክፍያው የአሠልጣኙን ሰዓትና እውቀት ይገዛል፤ እውነተኛነቱን ግን ሊገዛ አይገባም።

ስለዚህ አሠልጣኝ ፈላጊ ከሰውየው ጡንቻ ይልቅ አጠያየቁን ሊመረምር ይገባል። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ቀድሞ ጉዳት ሳይጠይቅ ክብደት የሚያሸክም፣ በአንድ ወር ሌላ ሰው አደርግሃለሁ ብሎ ተስፋ የሚሰጥ አሠልጣኝ ገና ከመነሻው ሸንጋይ ነው። በጁባ ደግሞ ሙቀቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የደቡብ ሱዳን መንግሥት በከባድ ሙቀት ምክንያት ትምህርት ቤቶችን እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዲስ አበባ የመጣን ሰው በቀትር በረጃፍ መንገድ የሚያስሮጥ አሠልጣኝ የሚያሳየው ትጋቱን ሳይሆን ግዴለሽነቱን ነው። ጎሕ ሲቀድ ልምምድ የሚያስጀምረው፣ ውሃ የሚያስይዘው፣ የሠልጣኙ ራስ መዞር ሲጀምር «ለዛሬ ይብቃ» ብሎ የተከፈለበትን ሰዓት የሚያቋርጠው ግን ሊታመን ይገባዋል።

ኃላፊነቱ የአሠልጣኙ ብቻ አይደለም። «አይሆንም» በተባለ ማግስት አሠልጣኝ የሚለውጥ ሰው በገንዘቡ የሚሸምተው ውዳሴን ነው። አሠልጣኝ መቅጠር የገዛ ፈቃድን እንዲቃወም ለሌላ ሰው ሥልጣን መስጠት ነውና፣ የተሰጠውን ሥልጣን ማክበር የቀጣሪው ድርሻ ነው። መልካም አሠልጣኝም በበኩሉ ሠልጣኙ አንድ ቀን ያለ ቀስቃሽ ማልዶ እንዲነሣ ያበቃዋል፤ የገቢውን መቋረጫ በገዛ እጁ ያቀርባል። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ፣ ደመወዙ ተከፍሎ ቢያልቅም ምስጋናው ዕዳ ሆኖ ይቀራል።