ታለንት ስለሚባለው ቃል

አንባቢ ሆይ፤ የእንግሊዝኛን ቋንቋ የምትማር ብትሆን ታለንት የሚባለውን ቃል ሳታገኘው አትቀርም። ዜማ የሚያምርለትን፥ ሒሳብ የሚቀለውን ሰው ታለንት አለው ይሉታል፤ የእኛም ሰው ዛሬ በዚያው ልማድ መክሊት አለው ይላል። ነገር ግን የቃሉን ሥር ብትመረምር ስለ ራስህ የምታስበውን ሊለውጥብህ ይችላልና ጥቂት ታገሠኝ።

በግሪኮች ዘንድ ታላንቶን ማለት በመጀመሪያ ሚዛን ነበረ። ቀጥሎ የሚመዘነው ክብደት፥ ከዚያም በክብደቱ ልክ የሆነው ብር በዚሁ ስም ተጠራ። የአቴና ሰዎች ታላንት 26 ኪሎ ግራም ያህል ነበረ፤ ይህም 6000 ድራክማ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ20ኛው ምዕራፍ የወይኑ ቦታ ሠራተኞች በቀን አንድ ዲናር እንደ ተቀበሉ ታነባለህ፤ ዲናርና ድራክማም በዋጋ ተቀራራቢዎች ነበሩ። እንግዲህ አንዱ መክሊት፥ ሠራተኛው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፥ የ20 ዓመት ደመወዙ ይሆናል።

ስለዚህ በ25ኛው ምዕራፍ አንድ መክሊት የተቀበለውን ባሪያ ምስኪን አድርገህ አትቍጠረው። ብዙ ሰው ሲሳሳት የማየው በዚህ ነው። አምስት ከተሰጠው ጋራ ሲተያይ ጥቂት መሰለ እንጂ በእጁ የነበረው ታላቅ ሀብት ነበረ። ገንዘቡን አልሰረቀም፥ በመጠጥም አላጠፋም፤ ጌታውን ጨካኝ ነው ብሎ ስለ ፈራ ቀበረው፥ እንደ ተቀበለውም መለሰው። ተወቀሰም።

ቃሉ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝ አገር ገባ። የጥንት ፈረንሳዮች ታለንት ሲሉ ፈቃድንና ምኞትን፥ የልብንም ዝንባሌ ማለታቸው ነበረ፤ ሚዛን ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል ልብም ያዘነብላልና። የተፈጥሮ ችሎታ የሚለው ትርጓሜ ግን በ15ኛው መቶ ዓመት ከዚሁ ከወንጌሉ ምሳሌ ወጣ። ዊልያም ቲንደልም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1526 ባሳተመው አዲስ ኪዳን ቃሉን እንዳለ አኖረው። በኋላ ገንዘቡ ተረሳ፤ ችሎታው ቀረ። የሚያሳዝነው ግን ከገንዘቡ ጋራ ባለ ገንዘቡ መረሳቱ ነው፤ አደራ የነበረው ስም መመስገኛ ሆነ።

ምሳሌውን ደግመህ ብታነብ ሌላም ታገኛለህ። ጌታው መክሊቱን ያካፈለው የእያንዳንዱን ዓቅም አይቶ ነው። እንግዲያስ ዓቅም አስቀድሞ ነበረ፤ መክሊቱ በዓቅሙ ላይ የተጨመረ አደራ ነው። «እኔ መክሊት የለኝም» የምትል ተማሪ ሆይ፥ ጥያቄው ድምፅህ ያምራል ወይም አእምሮህ ፈጣን ነው ማለት አይደለም። ወላጆችህ ከጕልበታቸው ቀንሰው ያስተማሩህ ዓመታት፥ ሌሊት የምታነብበት መብራት፥ ጤናህም በእጅህ የተቀመጡ ናቸው። ይህን ወረቀት ማንበብህ ራሱ ተሰጥቶህ ነው። በቤታችሁ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ካለ፥ ከእራት በኋላ አጠገቡ ተቀምጠህ ሀ ብለህ ልትጀምርለት ትችላለህ።