በእጄ ሠራሁት ስለ ማለት

አንድ ሰው ስለ አንድ ዕቃ «ይህን በእጄ ሠራሁት» ሲል ምን ማለቱ ነው? ነገሩ ለጆሮ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን በሰው እጅና በሥራው መካከል መኪና በገባ ጊዜ ቃሉ መመርመር ያስፈልገዋል። እኔም ይህን ጥያቄ በትልልቅ ፋብሪካ ሳይሆን በአንድ ብርድ ልብስ እመረምረዋለሁ፤ ትንሽ ነገር ለምርመራ ይመቻልና።

አሜሪካኖች ኩዊልት የሚሉት ብርድ ልብስ ሦስት ድርብ ነው። ላዩ ብዙ ጊዜ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መካከሉ ባዘቶ፣ ሥሩ ገበር ነው፤ ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የሚሄደው ስፌት ነው። እኛ ቁርጥራጭ የተደራረበበትን ልብስ ድሪቶ ብለን የድህነት ምልክት አድርገነዋል። በአላባማ ግዛት ጂስ ቤንድ በሚባለው መንደር የሚኖሩት፣ አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ ጥቁር ሴቶችም ካረጀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ የሰፉት ለብርዱ ብለው ነበር፤ ነገር ግን በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራቸው በሂውስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ድሪቶ የሚለውን ቃል ለስድብ የሚያውል ሰው ይህን ቢያስብ ይጠቅመዋል።

የልብስ ስፌት መኪና ገና ሲወጣ ጠላት አላጣም። በ1831 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች የቲሞኒዬን መኪናዎች ሰባበሩ፤ የፈሩት ስለ እንጀራቸው ነበርና አልፈርድባቸውም። የኩዊልት ሰፊዎች ክርክር ግን ስለ ክብር ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. በኬንታኪ ግዛት በፓዱካ ከተማ በተደረገው ትልቅ ውድድር ካሪል ብራየር ፋለርት የተባለች ሴት በመኪና የሰፋችው፣ የፀሐይ ግርዶሽን የሚያሳይ ኩዊልት ከሁሉ የበለጠውን ሽልማት አገኘ። በዚያ ውድድር ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው በመኪና የተሰፋ ሥራ ስለ ነበረ ክርክር አስነሣ።

በአሜሪካ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ለወዳጇ ሕፃን ብርድ ልብስ በቤቷ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ገበሩን ወጥራ ዘረጋች፤ ባዘቶውንና ላዩን ደርባ በየመዳፉ ስፋት መርፌ ቁልፍ ወጋችበት። ከዚያ ከመካከል ጀምራ ወደ ዳር ሰፋች፤ ከዳር የጀመረ ሰው ትርፉ ጨርቅ መካከል ላይ ይጨማደድበታልና። ለቀጥታው መሥመር «የሚራመድ እግር» የሚሉትን መጫኛ ገጠመች፤ እርሱ የላዩን ጨርቅ ከሥረኛው ጋር እኩል ያስኬደዋል። ለአበባና ለጥምዝምዝ ግን ሌላ ብልሃት አለ። ጨርቁን ከሥር የሚጎትቱትን ትንንሽ ጥርሶች ዝቅ ታደርጋቸዋለች፤ ያን ጊዜ መኪናው መርፌውን ከማመላለስ በቀር ምንም አይሠራም፤ ጨርቁን የምትገፋው ሴቲቱ ናት። እጇ ቢፈጥን ስፌቱ ይረዝማል፤ ቢዘገይ ይጠቀጠቃል፤ መኪናውን የሚነዳው እግሯና እጇ ካልተስማሙ ሥራው ይመሰክርባታል። ስለዚህ ጀማሪ ከብርድ ልብሱ በፊት የመሀረብ ስፋት ባለው ድርብ ቁራጭ ላይ ብዙ ቀን መለማመድ አለበት። ትከሻዋ እስኪዝል ስትገፋ ያየ ሰው ይህ የእጅ ሥራ አይደለም ለማለት ድፍረት ያጣል።

ክሩም የራሱ ሕግ አለው። መኪናው በሁለት ክር ይሰፋል፤ ሁለቱ የሚተሳሰሩበት ቋጠሮ በባዘቶው ውስጥ ተደብቆ መቅረት ይገባዋል። የላይኛው ክር ከልክ በላይ ቢወጠር የታችኛውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ቢላላ ገበሩ ላይ ይተበተባል። ላዩ ያማረ፣ ገበሩ የተተበተበ ብርድ ልብስ ብዙ አለ፤ ባለቤቱም ሰው እንዳይገልጠው እየተሳቀቀ ያሳያል።

በገበሩ ጥግ የሠሪውን ስምና ዓመቱን የያዘ ቁራጭ ጨርቅ መስፋት የሙያው ልማድ ነው። ልጅቱም ወደ መጨረሻው ስትደርስ «ጋሼ፣ በእጄ የሠራሁት ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ውሸት አይሆንም ባይ ነኝ። መርፌም መቀስም መሣሪያ ናቸውና በባዶ እጁ የሰፋ ሰው ከቶ የለም። እንግዲህ የሚጠየቀው መሣሪያ ገባ ወይስ አልገባ ሳይሆን ሥራውን የመራው የማን ፈቃድና የማን ድካም ነው የሚለው ነው። ነገር ግን አንድ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። በመርፌ ብቻ የተሰፋ ኩዊልት ብዙ ወር ስለሚፈጅ ዋጋው ይከብዳል። ገዢው ይህን አስቦ ሲከፍል ዝም ያለ ሻጭ፣ የተናገረው ቃል እውነት ቢሆንም እንኳ አታልሏል። ቃል በተናጋሪው አሳብ ብቻ አይለካም፤ ሰሚው በሚረዳውም ይለካል። ስለዚህ ለሽያጭ ሲሆን «በመኪና» የምትለዋ ቃል መጨመር አለባት።

ከዚህ የከበደው ሌላው ነው። ብዙዎች ላዩን ብቻ ገጣጥመው፣ ትልቅ መኪና ላላት ባለሙያ ከፍለው ያሰፉታል፤ ገንዘብ ስለ ከፈልሁ ሥራው የኔ ነው ይላሉ። በዚህ አልስማማም። መኪና ስሙ ሳይጠራ ቢቀር አይበደልም፤ ሰው ግን ይበደላል። ገንዘቡ ለድካሟ ዋጋ ነው እንጂ እንዳልሠራች አያስቆጥራትም። ወጣት አንባቢዎቼ፣ «ቤት ያሠራ ሰው ቤት ሠራሁ ይል የለምን?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከቤቱ በስተኋላ ግንበኛና አናጢ እንዳሉ ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ብርድ ልብስን ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው ስለሚችል ሰሚው ይሳሳታል። ብዙ ውድድሮች የሁለቱም ስም እንዲጻፍ ይጠይቃሉ፤ መልካም አድርገዋል። ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር የሚመሩ መኪናዎች አሉ፤ ሰውየው የተሳለ ንድፍ መርጦ ክሩ እንዳይበጠስ ይጠብቃል። መጠበቅም ሥራ ነው፤ የዘበኛ ሥራ ነው እንጂ የሰፊ አይደለም፤ ንድፉን የሳለውም ሰው ስም አለው።

ልጅቱ በቁራጩ ጨርቅ ላይ ስሟንና ዓመቱን፣ ከሥሩም «በቤት መኪና የተሰፋ» ብላ ጻፈች። ላዩን ስትገጣጥም ሁለት ማታ አብራት የተቀመጠችው ጎረቤቷስ ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለችና ስፌቱን ፈትታ ሰፋ ያለ ቁራጭ ትፈልግ ጀመር።