«እርዳታ ተደረገላቸው»፦ ንባብና ትርጓሜ

ንባብ፦ «በጅዳና በመካ ለተቸገሩ ወገኖቻችን እርዳታ ተደረገላቸው።»

ሐተታ፦ ይህች ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ ስለምትመላለስ ማንም ልብ አይላትም። የደከመችው ግን ጌጥ አንሷት አይደለም፤ «ልብ የሚነካ» ወይም «ታሪካዊ» ቢታከልባት ይብስባታል። ጉድለቷ ሰጪውን፣ የተሰጠውንና የችግሩን ምክንያት መዋጧ ነው። የበጎ አድራጎት ቋንቋ የሚታደሰው የተዋጠው ሲወጣ ነው ባይ ነኝ። ለዚህም «አንድም» እያልኩ ቃሏን እፈታለሁ፤ ይህ አንድምታ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስልት ቢሆንም መካ ላይ ባዕድ አይሆንም፤ ቁርኣንን የሚተረጉሙ የተፍሲር ዓሊሞችም «ተብሏል» እያሉ ፍቺን በፍቺ ላይ ይደርባሉ።

«እርዳታ» ያለው ምግብ፣ ገንዘብና ትኬት ነው። አንድም፣ ሰጪው ካለፈ በኋላ የሚቆይ ሥራ ነው። የኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ሚስት ዙበይዳ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ ለሐጃጆች ያሠራችው የውሃ መስመር ከናዕማን ሸለቆ ተነስቶ ወደ ዐረፋት ይመጣ ነበር፤ ቦዩ በድንጋይ የተገነባና የተከደነ ሲሆን በየመሀሉ ወርደው የሚጠርጉበት የጉድጓድ አፍ አለው። እየፈረሰ እየተጠገነ ከሺህ ዓመት በላይ አጠጥቷል። ሕዝቡ ዛሬም «ዐይን ዙበይዳ» (የዙበይዳ ምንጭ) ይለዋል፤ ምን እንደተሰጠና ማን እንደሰጠ በሁለት ቃል አለቀ። ለበጎ ሥራ የሚታሰር ንብረት፣ የወቅፍ ሰነድም እንዲሁ ነው፤ ወቅፍ አድራጊው ንብረቱ የቱ እንደሆነ፣ ገቢው ለማን እንደሚውልና ናዚሩ (አስተዳዳሪው) ማን እንደሆነ ይናገራል። በደፈናው «በጎ ሥራ ተሠራ» ብሎ የሚያልፍ ወቅፍ አድራጊ ከቃዲው ፊት ብዙ አይራመድም።

«የተቸገሩ» ያለው ድሆችን ነው። አንድም፣ መንገደኞችን ነው። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገደኛ ነው፤ አገሩ ላይ ሀብት ቢኖረው እንኳ መንገድ ላይ ስንቅ ካለቀበት ይሰጠዋል። አንድም፣ ባለዕዳዎችን ነው፤ እነሱም ከስምንቱ ናቸው፤ የደላላ ብድር ተሸክሞ በየመን በኩል ጅዛን የገባ ወጣት ከእነዚህ ይቆጠራል። አንድም፣ ገንዘብ ያላቸውን ግን የተያዘባቸውን ነው፤ እኔ የማደላው ወደዚህኛው ነው። የቤት ሠራተኛዋ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ከከፊሏ፣ ማለትም ከአሠሪዋ፣ ጋር የተሳሰረ ነው። ደሞዟን ተከልክላ ከቤት ብትወጣና አሠሪው «ሁሩብ» (ጠፍታለች) ብሎ ቢያስመዘግብባት፣ የሚፈለገው እሷ የሠራችበትን የያዘው ሰው ሳይሆን እሷ ትሆናለች። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ወረቀት በሌላቸው ስደተኞች ላይ በተጀመረው አፈሳ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ደሞዛቸውን ሳይቀበሉ የተሳፈሩ ብዙዎች ነበሩ። እነዚህን «ችግረኛ» ማለት ጠያቂውን ለማኝ ማድረግ ነው።

«ወገኖቻችን» ያለው ተቀባዮችን ነው። አንድም፣ ሰጪዎችን ነው። መካ የሚገኘው የሐዲስ ትምህርት ቤት፣ ዳሩል ሐዲስ አል-ኸይሪያ፣ ስሙ ራሱ የበጎ አድራጎት ቤት መሆኑን ይናገራል፤ እዚያ ሲያስተምሩ ኖረው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ያረፉት ሼህ ሙሐመድ ዐሊ አደም አል-ኢትዮጵያዊ በሐዲስ መጻሕፍቱ በሶሒሕ ሙስሊምና በሱነን ነሳኢ ላይ ግዙፍ ሸርሕ (ማብራሪያ) ጽፈዋል። ሐበሻን በሒጃዝ የምናወራው እጁን ሲዘረጋ ብቻ ከሆነ ይህን ሁሉ የት እናደርገዋለን?

ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ሰደቃ ስውር ሲሆን ይበልጣል፤ ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ የሚለው ምክር በወንጌልም በሐዲስም አለ። ሰጪው ከተነገረ ይታይልኝ ይመጣል፤ ተቀባይዋ ከተነገረች፣ በተለይ ወረቀት ከሌላት፣ ሹመይሲ የስደተኞች ማቆያ ልትገባ ትችላለች። እውነት ነው። ነገር ግን ስውር መሆን ያለበት ስም እንጂ ነገር አይደለም። የመዋጮ ዝርዝር ላይ «የአላህ ባሪያ፣ 50 ሪያል» ብሎ የሚያስጽፍ ሰው ራሱን ሰወረ እንጂ ሃምሳውን አልሰወረም፤ ዝርዝሩም ለማን ትኬት እንደሆነ እንጂ የማን ልጅ እንደሆነች መናገር የለበትም። ሌላው ተቃውሞ፣ እንዲህ ከተብራራ አሠሪ ይቀየማል፣ በር ይዘጋል የሚል ነው። አንዳንዴ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ዝም ማለት ያስኬዳል። ዝምታው ግን ከአሠሪው ጋር የሚነጋገረው አስታራቂ ብልሃት ይሁን፤ ሪፖርት ጸሐፊው የሚገለገልበት ልማድ ሲሆን ከሳሽ የሌለው ዕዳ ይበዛል።

ስለዚህ ንባቡ ይታረም ቢባል፦ «ጅዳ ላይ ደሞዟ የተያዘባት ሠራተኛ፣ ስማቸውን ያልገለጹ የአገሯ ልጆች ባዋጡት ገንዘብ የአዲስ አበባ ትኬት ተቆረጠላት፤ ደሞዟ ገና አልተከፈለም።»