ያረጀ መኪና፣ የሚባክን ነዳጅ እና የአደራ ጥያቄ በራያ ቆላ

አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ የገዛውን ነዳጅ ቢያባክን የሚበድለው ማንን ነው የሚለው ጥያቄ በሥነ ምግባርም ሆነ በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ እምብዛም አይነሣም፤ ነዳጅ የገበያ ዕቃ፣ መኪናም የባለቤቱ ንብረት በመሆናቸው ኪሳራው በባለቤቱ ኪስ ተጀምሮ እዚያው የሚያበቃ ይመስላልና። ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው የራያ ቆላዋ ከተማ ቆቦ ግን የዚህን አስተሳሰብ ጎዶሎነት በግልጽ ታሳያለች።

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ነዳጅ የምታገኘው በውጭ ምንዛሪ ገዝታ፣ በአብዛኛውም ከጅቡቲ በቦቴ አስጭና ነው። አሮጌው አይሱዙ የጭነት መኪና የሚያቃጥለው ናፍጣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ስቦ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጣው የገበሬው ሞተር ከሚፈልገው ናፍጣ የተለየ አይደለም፤ ማደያው ሲደርቅም ሹፌሩና ጀሪካን የያዘው ገበሬ የሚሰለፉት ለአንድ ነገር ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማንሣት የጀመረው ድጎማም ቢሆን ከእያንዳንዱ ሊትር ዋጋ ከፊሉን መኪና ኖሮት የማያውቀው ዜጋ ጭምር ሲሸከመው መኖሩን የሚያስታውስ ነው። የራያ ገበሬ የአንዱ ብክነት በሌላው ላይ እንደሚወድቅ ከጎርፍ ጠለፋ፣ ማለትም በሆርማትና በጎሊና ወንዞች የሚወርደውን የክረምት ጎርፍ ወደ ማሳ ከማዞር ልማድ ያውቃል፤ ከላይ ያለው ገበሬ ማሳው ሊጠጣ ከሚችለው በላይ ውኃ ይዞ ቢያቆይ የሚደርቀው የራሱ ሳይሆን የታችኛው ሰው ማሽላ ነው።

በአካባቢው ለዘመናት አብረው የኖሩት ሁለቱ ሃይማኖቶች ስለ ብክነት የሚያስተምሩት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። የእስልምና ሊቃውንት በሁለት ቃላት መካከል ልዩነት ያደርጋሉ፤ «ኢስራፍ» በተፈቀደ ነገር ላይ ልክን ማለፍ ሲሆን፣ በቁርኣን አል-ኢስራእ ምዕራፍ ውስጥ በጽኑ የተወገዘው «ተብዚር» ደግሞ ሀብትን በማይገባ ቦታ መበተን ነው። መንዳት የተፈቀደ ነገር ስለሆነ የሹፌሩ ብክነት አብዛኛውን ጊዜ ኢስራፍ ነው፤ ሀብት ሁሉ «አማና»፣ ማለትም በሰው እጅ የተቀመጠ አደራ በመሆኑም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በክርስትናው በኩል የዮሐንስ ወንጌል 6ኛ ምዕራፍ አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ክርስቶስ የተረፈው ፍርፋሪ ሁሉ ምንም ሳይጠፋ እንዲሰበሰብ ማዘዙን ይተርካል፤ እንጀራን ማበርከት የሚችል ጌታ ለፍርፋሪ መጨነቁ ብክነት የሚወገዘው በእጥረት ምክንያት ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። በአራተኛው ምእተ ዓመት የኖረው ታላቁ ባስልዮስም አንድ ሰው ሳይጠቀምበት ያከማቸው ነገር የተራበው ሰው ንብረት እንደሆነ አስተምሯል። ሳይጠቀሙበት ማከማቸት በደል ከሆነ፣ ሳይጠቀሙበት በጭስ ማውጫ መልቀቅ ከዚያ ያነሰ በደል ነው ለማለት የሚያስችል ምክንያት የለም።

አሮጌ ሞተር በነዳጁ ውስጥ ካለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ሲሆን ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ይህ የአሠራሩ ተፈጥሮ ስለሆነ ባለቤቱን አያስጠይቅም፤ የሚያስጠይቀው በቸልተኝነት የሚጨመረው ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ፣ በራያ አቧራ የታፈነ ፊልትሮ፣ የተቃጠለ ካንዴላ፣ ባዶውን ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ የሚጓዝ ፖርቶ መጋላ፣ እነዚህ ሁሉ በትንሽ ወጪ የሚስተካከሉ ናቸው። ሁለት ነገሮች ግን ቆላውን በተለይ ይመለከታሉ። የመጀመሪያው ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እስኪያገኝ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ ትንሽ ክዳን ሲሆን፣ በሞቃት አገር መኪና እንዳይፈላ በሚል ተነቅሎ ይጣላል፤ ያለ እርሱ ሞተሩ ከተገቢው ሙቀት በታች እየሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ብረቱም ቶሎ ይበላል። ሁለተኛው ካርቡራተር፣ ማለትም በቀድሞዎቹ የቤንዚን መኪኖች ውስጥ ነዳጅን ከአየር ጋር የሚያደባልቀው ክፍል ነው፤ አንድ ሺህ ሜትር በተወጣ ቁጥር አየሩ በአሥር በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ቆቦ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ማይጨው ሲወጣ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ነዳጅ ይሰጣል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስም ያልተቃጠለው ነዳጅ ምስክር ነው። የቤንዚኑንም ሆነ የናፍጣውን መኪና ጭስ የሚተነፍሰው ደግሞ በመንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 (እ.ኤ.አ.) የናፍጣ ጭስን ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል።

ቁጠባ በራሱ ጽድቅ እንዳልሆነ ግን ከአላማጣ በላይ ያለው የግራካሱ ቁልቁለት ይፈርዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መኪናውን በፍሪ መልቀቅ፣ አንዳንዴም ሞተሩን ማጥፋት፣ በሹፌሮች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። የአይሱዙ ዓይነት የናፍጣ ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ የነዳጅ ፖምፓው ነዳጁን ይቆርጣል፤ ማርሹ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ስለሚቀጥል፣ ቆጣቢ የመሰለው ሹፌር በእውነቱ እያባከነ ይወርዳል። ካርቡራተር ባለው መኪና ጥቂት ነዳጅ ሊተርፍ ይችላል፤ የፍልስፍናው ጥያቄ የሚጠነክረውም እዚህ ላይ ነው፣ በእርግጥ የሚተርፍ ነገር ሲኖር። ማርሽ ያልያዘው መኪና ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ለፍሬኑ የሚሰጠው እርዳታ አብሮ ይጠፋል። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማግኘት ይቀድማል በሚለው መርሃቸው ይህን ትርፍ ይሽሩታል። በማቴዎስ ወንጌል 4ኛ ምዕራፍም ክርስቶስ ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲጠየቅ ያልተቀበለው በእግዚአብሔር ጥበቃ ስላልታመነ ሳይሆን ጥበቃውን መፈታተን ስላልፈቀደ ነው። በመስታወቱ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ወይም «ቢስሚላህ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ተሳፋሪ ጭኖ በፍሪ የሚወርድ ሹፌር እምነቱን ሳይሆን የሌላውን ሰው ነፍስ ለውርርድ እያቀረበ ነው። ከተፈቀደው በላይ ሰው ጭኖ የአንዱን ተሳፋሪ የነዳጅ ድርሻ ማሳነስም በዚሁ ፍርድ ሥር ይወድቃል።

የተቆጠበው ወዴት ይሄዳል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 (እ.ኤ.አ.) የእንፋሎት ሞተር ከሰል ቆጣቢ እየሆነ በሄደ መጠን የአገሩ የከሰል ፍጆታ እንደጨመረ አስረድቷል፤ ርካሽ የሆነ ነገር ብዙ ይፈለጋልና። ሆኖም ይህን አስተያየት ቁጠባን ለመናቅ ማዋል ስሕተት ነው። ጉዞው ስለረከሰ ማሽላውን ከሮቢት ወደ ቆቦ ገበያ ወይም የታመመችውን እናት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ማድረስ ቢቻል፣ ነዳጁ ቢነድም አልባከነም፤ ብክነት የሚለካው በሊትር ብዛት ብቻ ሳይሆን ሊትሩ በዋለበት ጉዳይ ጭምር ነው።

ድህነት ከዚህ ግዴታ ነፃ ያወጣል ወይ ለሚለው፣ ሁለቱም ሃይማኖቶች ግዴታን የሚለኩት በአቅም ነው። ፖምፓ ማስጠገን ያልቻለ ባለመኪና አይወቀስም፤ የጎማ ንፋስ ለማስለካት ጎሚስታ ቤት ጎራ ያላለ ግን በድህነት ሊያመካኝ አይችልም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ያሉት አሮጌ መኪኖች በየመንገዱ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ በራያ ቆላ ያሉ የንስሐ አባቶችና ኢማሞች ስለ ሐሰተኛ ሚዛን በሚያስተምሩበት ድምፅ ስለ ሹፌርነትም ያስተምሩ፤ ባለመኪናዎችም ቢያንስ ጎማቸውንና ፊልትሯቸውን በየወሩ ያሳዩ፣ ግራካሱንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ።