ጎጆ የሚወጣ ርዕስ

ሽንዲ የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወንበርማ ራሱን ከመቻሉ በፊት ግን ከጎረቤቱ ጋር ተዳብሎ «ቡሬ ወንበርማ» በሚል አንድ ስም ይጠራ ነበር። ኋላ ወረዳው ለሁለት ተከፈለና ወንበርማ የራሱ ማኅተም፣ የራሱ ጽሕፈት ቤት ኖረው። ጎጆ ወጣ ማለት ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ዊኪፒዲያ ላወራ ነው። አንድ የሽንዲ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ስለ ከተማው፣ ስለ ተማረበት ትምህርት ቤት፣ ስለ ሰፈሩ የውኃ ምንጭና ስለ አያቱ አርበኝነት አራት ገጽ ሊጽፍ ተነሳ እንበል። ከአራቱ የትኛው ጎጆ ይወጣል? የትኛውስ ወላጆቹ ቤት ይቆያል?

በገጠራችን ልጅ ጎጆ የሚወጣው ስለተወደደ አይደለም። የሚያርሰው መሬት፣ የሚጠምደው በሬ ሲያገኝ ነው። የዊኪፒዲያም ደንብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጉዳዩ ምን ያህል ታላቅ ነው ብሎ አይጠይቅም። ከጉዳዩ የሚያገኙት ጥቅም የሌላቸው ሰዎች፣ በሚታመን ኅትመት፣ ሰፋ አድርገው ጽፈውበታል ወይ ይላል። በሬውም መሬቱም ይህ ነው። ባለቤቱ ስለ ራሱ የጻፈው፣ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ያወጣው መግለጫ አይቆጠርም።

ደንቡ ቀላል ይመስላል፤ አፈጻጸሙ ግን ያሳፍራል። በ2010 ዓ.ም. አንድ በጎ ፈቃደኛ ዶና ስትሪክላንድ ስለምትባል ካናዳዊት የፊዚክስ ሊቅ ረቂቅ ጽፎ ለእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ አቀረበ። ግንቦት ላይ ገምጋሚው መለሰው፤ የጠቀስካቸው ምንጮች ሴትዮዋ ገጽ እንደሚገባት አያሳዩም ተባለ። ምንጮቹ በአብዛኛው የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲና የመራችው የሙያ ማኅበር ድረ ገጾች ነበሩ። አራት ወር ተቆጠረና መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ስትሪክላንድ የኖቤል ሽልማት አሸነፈች። በፊዚክስ ከ55 ዓመት በኋላ የተሸለመች ሴት እሷ ናት፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ማሪ ኩሪና ማሪያ ጎፐርት ማየር ብቻ ነበሩ። ያሸለማት አብሯት ከተሸለመው ከዤራር ሙሩ ጋር በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የሠራችው የሌዘር ምርምር ነው። ሙሩ ግን ገጽ ከነበረው ዓመታት አልፈው ነበር። የእሷ በዚያው ቀን ተከፈተ።

ገምጋሚውን ብቻ መውቀስ ይቀላል። የቀረበለትን አይቶ ፈረደ። ነገር ግን ደንቡ ራሱ የሚጠይቀው ምንጭ በዓለም ላይ መኖሩን ነው፤ ረቂቁ ላይ መጠቀሱን አይደለም። ለምሁራንም የተለየ መለኪያ አለው፤ በታላቅ የሙያ ማኅበር የክብር አባልነት ማግኘት ብቻውን ይበቃል፤ እሷ ያን ካገኘች አሥር ዓመት ሆኗት ነበር። ስለዚህ በሬ አልጠፋም። በረት ገብቶ የቆጠረ ጠፋ። ረቂቁን የጻፈውም ቢሆን ደጋፊ ማስረጃውን ፈልጎ አላቀረበም።

ወደ ሽንዲው ወጣት እንመለስ። ከተማዋ ያለ ክርክር ታልፋለች። በሕግ የታወቀ፣ ሰው የሚኖርበት ቦታ ገጽ ይገባዋል የሚለው ልማድ ጠንካራ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ሁለተኛ ደረጃም ቢሆን በስሙ ብቻ አያልፍም፤ ሁለተኛ ደረጃን እንዲሁ የማሳለፍ ልማድ በ2009 ዓ.ም. ተሽሯል፤ ሌላ ሰው ካልጻፈበት በሽንዲ ገጽ ሥር አንድ አንቀጽ ይብቃው። የሰፈሩ የውኃ ምንጭም ወንበርማ ገጽ ላይ ይደር። ይህ ውርደት አይደለም። ሦስት መስመር ይዞ ብቻውን ከሚቆም ገጽ፣ በወላጁ ቤት የሰፋ አንቀጽ ለአንባቢ ይጠቅማል። ስም ተቀየረ ብሎም ሁለት ገጽ መክፈት የለም፤ ለምሳሌ የፍኖተ ሰላም ከተማ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ ወጀት ብሎ የፈለገውን ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመራ ጠቋሚ በቂ ነው።

የሚከብደው አያቱ ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን የተሰለፉበት የጌዴዎን ጦር ጣሊያንን ከቡሬ ምሽግ አስለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ገፋው። የዚያ ዘመቻ ገጽ ሞልቷል፤ ምክንያቱም የእንግሊዝ መኮንኖች ጽፈውታል። ከእነሱ አንዱ ደብሊዩ ኢ ዲ አለን መጽሐፉን ያሳተመው ዘመቻው ባለቀ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የአገሬው አርበኛ ገድል ግን አብዛኛው በፉከራና በቀረርቶ፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ ቀረ። ቅኔአችንም እንዲሁ ነው። ዋሸራን ያህል የቅኔ ምድር ባላት ጎጃም ቅኔው በየማኅሌቱ አዲስ ይሆናል፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነው፤ ካልተጻፈ ደግሞ ከተቀኘበት ቀን አያልፍም። እዚህ ላይ ደንቡ ያንቀናል። በቃል የሚተላለፍን ዕውቀት እንደ ምንጭ ለመቀበል በ2003 ዓ.ም. በሕንድና በደቡብ አፍሪካ መንደሮች ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ የቃል ምስክርነት ግን ዛሬም ደንቡ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህን ጉድለት እኔ የደንቡ ጥፋት እለዋለሁ፤ የወጣቱ አያት ግን እስኪታረም አይጠብቁም።

መዝገበ ዕውቀት የመጨረሻው ጸሐፊ ነው፤ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው መጻፍ አለበት። ስለዚህ የሽንዲ፣ የቡሬና የፍኖተ ሰላም መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ገጽ ክፈቱ ከማለታችሁ በፊት የአያቶቻቸውን ቃል እንዲቀዱ አድርጉ። ስም፣ ቀን፣ ቦታ ይዛችሁ መጽሔት አሳትሙ፤ ከታተመውም ቅጂ ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ለወመዘክር አስረክቡ።