ባሕር የማይደርሱ ወንዞቻችን



በግዕዝ ሥርዓተ አምልኮአችን ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ይዘልቃል። በእነዚህ ሦስት ወራት ቤተ ክርስቲያን ዘርንና ደመናን፣ መብረቅንና ነጎድጓድን፣ ባሕርንና አፍላግን በየተራቸው እያነሣች ታመሰግናለች፤ ትማልዳለችም። ዘመኑ ሊፈጸም ሲቃረብ የመስቀል በዓል ይደርሳል፤ ልጆቻችንም ከያሉበት ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም ወደየመንደራቸው ይጎርፋሉ። ስለ ዝናማችንና ስለ ወንዞቻችን ጉዞ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኘንም።

ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው የጉራጌ ተራሮች ሰንሰለት ነው። በምዕራባዊው ጎን የወረደው ዝናም በወልቂጤ አቅራቢያ በሚያልፈው በዋቤ ወንዝ በኩል ወደ ጊቤ ይገባል፤ ጊቤም ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። በቡታጅራ በኩል የወረደው ደግሞ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወደ አብያታ ይወርዳል፤ ከአብያታ ግን መውጫ የለውም። ከሶዶ በኩል ወደ አዋሽ የሚገባውም ቢሆን በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ደርሶ ይቀራል። መጽሐፈ መክብብ (1፥7) ወንዞች ወደ ባሕር ስለ መሄዳቸው ሲናገር እንሰማለን፤ የእኛዎቹ ግን አንዳቸውም ባሕር አይደርሱም።

ይህ ለጂኦግራፊ መምህራን ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። መውጫ ከሌለው ሐይቅ ላይ ፀሐይ የምታነሣው ንጹሑን ውኃ ብቻ ነው፤ ተንኖ ደመና የሚሆነው እርሱ ነው። ጨዉና ደለሉ፣ ከማሳ ታጥቦ የወረደው ዩሪያ፣ ከከተማ ቦይ የተለቀቀው እድፍ እዚያው ይቀራል። ማዳበሪያው ለበቆሎና ለበርበሬ ታስቦ ነበር፤ ሐይቅ ከገባ በኋላ ግን የሚያፋፋው አልጌንና እንቦጭን ነው። እንቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በጣና ላይ ያደረሰውን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ሕግ ዐዋቂው ስለ ባልንጀራው ጌታን የጠየቀው ጥያቄ (ሉቃ. 10፥29) ለእኛ መልሱ በከፊል ከወንዙ በታች ይገኛል፤ የዝዋይ ዓሣ አጥማጅና የኦሞ ዳር አርብቶ አደር ባልንጀሮቻችን ናቸው።

ወላጆቻችን ከምድር የተወሰደውን ለምድር የመመለስን ሥርዓት ያወቁት ከመጻሕፍት አይደለም። የጉራጌ ቤት ከፊቱ ጀፎረ፣ ከጓሮው እንሰት አለው። ከብቶቹ በሣሩ ላይ ይውላሉ፤ ማታ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ጠዋት እናቶች አዛባውን ጠርገው ወደ እንሰቱ ሥር ያወጣሉ። ሣሩ ከምድር የሳበው በላሚቱ ሆድ በኩል ወደ ጓሮው ይገባል። ሰፊው የእንሰት ቅጠል አፈሩን ከዝናም ምት ይጠብቃል፤ ሲደርቅም ወድቆ ይበሰብሳል። ውኃውም ሳይቸኩል ወደ ምድር ሰርጎ ከወራት በኋላ በምንጭ ይወጣል። አንዱ ጓሮ ለብዙ ትውልድ ሳይደክም የመገበው በዚህ ምክንያት ነው። (በየስብሰባው ስለ እንሰት ባህላችን የምንኮራው ወንዶች ነን፤ አዛባውን የተሸከመው ጀርባ ግን የእናቶቻችን ነው።)

ይህ ዙር ዛሬ በብዙ ቦታ ተበጥሷል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውን ባሕር ዛፍ ልንረግመው አንፈልግም፤ አጣናው ስንት ጣራ አቁሟል፣ ስንት ተማሪ አስተምሯል። ነገር ግን በምንጭ ራስና በረግረግ ዳር ሲተከል ውኃውን ይመጠዋል፤ በግጦሹ ላይ ሲተከል ከብቱን ያስቀንሳል። ከብት ሲያንስ አዛባ ያንሳል፤ አዛባ ሲያንስ እንሰቱ ይከሳል፤ እንሰቱ የከሳበት ቤተሰብም ለዕለት ገንዘብ ሲል ባሕር ዛፍ ይጨምራል። የቀረው አዛባ ኩበት ሆኖ ሲነድ ለአፈር የሚሆነው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል። ቆጮውና ጫቱ በየዕለቱ ወደ ከተማ ይጫናሉ፤ የከተማው ጥራጊ ግን ወደ ማሳ አይመለስም፤ በቦይ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ውኃ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል በየካቲት 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ አይተናል፤ የውኃ ያለህ ብሎ ሕዝብ በወጣበት ቀን የሰው ሕይወት አልፏል። የከተማ ውኃ የቧንቧ፣ የፓምፕና የበጀትም ጉዳይ ስለሆነ ያን መከራ በባሕር ዛፍ ላይ ብቻ መጫን እውነት አይሆንም። ይሁን እንጂ ፓምፕ ሊስብ የሚችለው ምድር የያዘችውን ያህል ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ንጹሕ ውኃ ማግኘት መሠረታዊ የሰው ልጅ መብት መሆኑን አስተምረዋል። ይህ መብት ለወልቂጤዋ እናት እንዲከበር ከላይ ያለው ኮረብታ ውኃ መያዝ ይኖርበታል።

ስለዚህ ቁምስናዎቻችን ከራሳቸው ይዞታ እንዲጀምሩ እንለምናለን፤ ከምንጭ ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ለሽያጭ ሲቆረጥ ጉቶው ዳግመኛ እንዳያቆጠቁጥ ይነቀል፤ በቦታው ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ይተከል። በየከተማው ያሉ ማኅበሮቻችንም የወጥ ቤትና የገበያ ጥራጊን ከፕላስቲክ ለይተው ኮምፖስት ቢያደርጉት በአቅራቢያቸው የሚወስደው ገበሬ አያጡም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆቻችን ደግሞ፣ ለወላጆቻቸው ከሚያስቡት ስጦታ መካከል አንዲት ጊደር ትኑርበት፤ የምትውልበት ጀፎረም ታጥሮ እንዳይወሰድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመካከሩ።